ባለ ሁለት ገጽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ በቤት ውስጥ አሠራር፦ ሁለቱን ገጾች እንዴት እናገጥማለን?

ባለ አንድ ገጽ ቦርድ በቶነርና በልብስ ካውያ፣ ማለትም በሌዘር ፕሪንተር የታተመውን ንድፍ በሙቀት ወደ መዳብ እያስተላለፈ፣ መሥራት የለመደ ሰው ወደ ባለ ሁለት ገጽ ሲሸጋገር የሚገጥመው አዲስ ፈተና በመሠረቱ አንድ ነው፤ እርሱም የላይኛው ገጽ ፓድ (የዕቃው እግር የሚበየድበት የመዳብ ነጥብ) በታችኛው ገጽ ፓድ ትክክለኛ አናት ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ነው። መዳቡን በፈሳሽ ማስበላት፣ ቀዳዳውን መብሳትና መበየድ ከቀድሞው ብዙም አይለዩም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለማገጣጠሙ ሥራ ነው፤ ገና ንድፉ ሲወጣ ጀምሮ የምንወስደው እያንዳንዱ ውሳኔ ይህን ሥራ ሊያቀልም ሊያከብድም ይችላልና።

ሁለተኛው መታወቅ ያለበት ልዩነት የቀዳዳው ጉዳይ ነው። ፋብሪካ ባለ ሁለት ገጽ ቦርድ ሲሠራ የቀዳዳውን ውስጠኛ ግድግዳ በመዳብ ስለሚለብጠው የላይኛውና የታችኛው ገጽ በራሳቸው ይገናኛሉ። እኛ በቤታችን የምንበሳው ቀዳዳ ግን ውስጡ ባዶ የመስታወት ጭረትና ሙጫ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ገጾች የሚያገናኘው በውስጡ አልፎ ከላይም ከታችም የሚበየድ ሽቦ ወይም የኮምፖነንቱ እግር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት እንዲመቸኝ ለራሴ ቤት የሠራሁትን የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ እወስዳለሁ። ቦርዱ 80 በ60 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሥራውን የሚመራ ባለ 28 እግር አይሲ (ኤቲሜጋ328ፒ የተባለ ማይክሮኮንትሮለር)፣ 5 ቮልት የሚሰጥ 7805 የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ፣ አንድ ሬሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ እንዲሁም ከሮቶው የሚመጡትን የውሃ መጠን ጠቋሚ ሽቦዎች የሚቀበሉ ማሰሪያዎች አሉት።

አንደኛ ደረጃ፦ ንድፉን ለቤት ሥራ እንዲመች አድርጎ ማውጣት

ለንድፉ ኪካድ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም እጠቀማለሁ፤ ሌላም ቢሆን ያው ነው። ዋናው ቁም ነገር ፕሮግራሙ ለፋብሪካ የሚያወጣቸውን ጥቃቅን ልኮች እንዳሉ አለመቀበል ነው። የመስመሩን ውፍረት ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር፣ በመስመሮች መካከል የሚኖረውን ክፍተት ቢያንስ 0.4 ሚሊ ሜትር ያድርጉ። የኃይል መስመሮችን ወደ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያስፉ። በአይሲ እግሮች መካከል መስመር ማሳለፍ በፋብሪካ ቦርድ የተለመደ ቢሆንም በቤት ሥራ አልመክረውም፤ በተለይ ሁለቱ ገጾች በጥቂቱ ከተዛነፉ ፑንታው (የድሪሉ መብሻ) ያንን ቀጭን መስመር ጎኑን ይበላዋል።

ለመሸጋገሪያ ቀዳዳዎች፣ ማለትም መስመሩ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ለሚሻገርባቸው ቪያዎች፣ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፓድና 0.8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይስጡ። ይህ ልክ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ፓዱ 2፣ ቀዳዳው 0.8 ሲሆን በዙሪያው የሚተርፈው የመዳብ ቀለበት 0.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ ሁለቱ ገጾች በ0.3 ሚሊ ሜትር ቢዛነፉ እንኳ በጠበበው በኩል 0.3 ሚሊ ሜትር መዳብ ስለሚቀር ብየዳው ይይዛል። ፓዱ 1.2 ቢሆን ኖሮ ግን ያው መዛነፍ ቀለበቱን ሙሉ በሙሉ ይቆርጠው ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ ሥራውን የሚያቀለው፣ አብዛኛውን መስመር በታችኛው ገጽ ላይ አስኪዶ የላይኛውን ገጽ ለመሻገሪያ መስመሮችና ለግራውንድ ሙሌት (ባዶውን ቦታ ለሚሞላው፣ ከግራውንድ ጋር ለተገናኘው መዳብ) ብቻ መተው ነው። በእኔ ቦርድ ላይ ያሉት ቪያዎች 14 ብቻ ናቸው። ቪያዎችን በአይሲ ሶኬት ወይም በሬሌ ሥር አያስቀምጡ፤ ሽቦው ከላይ ሲበየድ ትንሽ ጉብታ ስለሚፈጥር ዕቃው አይቀመጥም። እንዲሁም የአይሲ ሶኬት፣ የሬሌና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር እግሮች ከላይኛው ገጽ ጋር እንዲገናኙ አያድርጉ፤ የዕቃው ገላ ፓዱን ስለሚሸፍነው የብየዳ ካውያው ጫፍ አይደርስበትም። የእነዚህን ግንኙነት ከታች ጨርሶ በአቅራቢያው በሚቀመጥ ቪያ ወደ ላይ ማውጣት ይሻላል። ሬዚስተርና ዳዮድን ግን በሁለቱም በኩል መበየድ ስለሚቻል የእነርሱን እግር እንደ ቪያ መጠቀም ይቻላል።

በሬሌው በኩል 220 ቮልት የሚያልፍ ከሆነ፣ በዚያ መስመርና በዝቅተኛው ቮልቴጅ መስመር መካከል በሁለቱም ገጾች ላይ ከ6 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ባዶ ቦታ ይተዉ፤ የግራውንድ ሙሌቱም ወደዚያ አካባቢ እንዳይጠጋ ያግዱት። የፓምፕ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከመደበኛው ፍጆታው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ የቦርዱ ሬሌ ኮንታክተር (ለከባድ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ትልቅ ሬሌ) ብቻ እንዲያንቀሳቅስና ሞተሩን ኮንታክተሩ እንዲሸከም ማድረግ ይገባል።

በመጨረሻም በሁለቱም ገጾች ላይ፣ ከቦርዱ ጠርዝ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ፣ በአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ የመስቀል ምልክት ያስቀምጡ። በእያንዳንዱም ገጽ ላይ አጭር ጽሑፍ ይጻፉ፤ ጥቅሙን ወዲያው እንመለከተዋለን።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ማተምና ልኩን ማረጋገጥ

የሚያስፈልገው ሌዘር ፕሪንተር ነው፤ ቶነር በሙቀት የሚቀልጥ ፕላስቲክ ስለሆነ መዳብ ላይ ይጣበቃል፣ የፈሳሽ ቀለም ፕሪንተር ግን ለዚህ ሥራ አያገለግልም። ለወረቀት የሚያብረቀርቅ ገጽ ያለው የመጽሔት ወረቀት እመርጣለሁ። የፕሪንተሩን ጥራት ወደ 600 ነጥብ በኢንች፣ ጥቁረቱን ወደ መጨረሻው ከፍ ያድርጉ፤ ቶነር የመቆጠብ ምርጫ ካለም ያጥፉት። ቀዳዳዎቹን በሚመለከት ትንሽ የመሐል ምልክት ብቻ እንዲታተም ይምረጡ፤ ይህች ነጥብ በኋላ ተበልታ ትንሽ ጉድጓድ ስለምትሆን ፑንታው እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በግልባጩ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱንም ገጾች የሚያሳየን ከላይ ወደ ታች እንደምናይ አድርጎ ነው፤ ቶነሩ ወደ መዳብ ሲተላለፍ ደግሞ ሥዕሉ ይገለበጣል። ስለዚህ የላይኛው ገጽ በመስታወት ግልባጭ ይታተማል፣ የታችኛው ግን እንዳለ ይታተማል። ይህን በቃል ከመያዝ ይልቅ በዓይን የሚረጋገጥበት መንገድ አለ፤ ቀደም ብለን በየገጹ ላይ የጻፍነው ጽሑፍ በሁለቱም ወረቀቶች ላይ ተገልብጦ መታየት አለበት። በአንደኛው ወረቀት ላይ ጽሑፉ በቀጥታ ከተነበበ ያ ወረቀት ስሕተት ነው። እኔ ይህን ማረጋገጫ ባለማድረጌ በአንድ ወቅት የታችኛውን ገጽ አላግባብ ገልብጬ አትሜ፣ ባለ 28 እግሩን ሶኬት በይጄ ከጨረስኩ በኋላ ነበር 1ኛው እግር በ28ኛው ቦታ መዋሉን ያየሁት፤ ሙሉ የአንድ ቀን ሥራ ከነመዳቡ ባከነ።

ሁለቱን ገጾች በተመሳሳይ ፕሪንተር፣ በተከታታይና ወረቀቱን በአንድ አቅጣጫ አስገብተው ያትሙ፤ ወረቀት በሙቀት ሲያልፍ በጥቂቱ ስለሚሸበሸብ ሁለቱም አንድ ዓይነት ለውጥ እንዲኖራቸው ይጠቅማል። ሕትመቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስደው የሚያሳትሙ ከሆነ ፋይሉ ከገጹ ጋር እንዲመጣጠን ተብሎ እንዳይቀንስ፣ በ100% መጠን እንዲታተም አጥብቀው ይንገሩ። ከዚያም በማስመሪያ ይለኩ፤ የአይሲው 1ኛና 14ኛ እግሮች ማዕከላዊ ርቀት 33 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሶኬቱን ራሱን በወረቀቱ ላይ አስቀምጦ ማየትም ፈጣን መንገድ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሰሌዳውን መቁረጥና ማጽዳት

ባለ ሁለት ገጽ መዳብ ያለው ኤፍአር4 (ከመስታወት ጭረትና ከሙጫ የተሠራ) ሰሌዳ አብዛኛውን ጊዜ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲኖረው፣ የመዳቡ ንጣፍ ደግሞ 35 ማይክሮን ነው። ለ80 በ60 ቦርድ 100 በ80 አድርገው ይቁረጡ፤ በየጎኑ የሚተርፈው 10 ሚሊ ሜትር ለእጅ መያዣና ለበኋላው እግር ማቆሚያ ያገለግላል። የተቆረጠውን ጠርዝ በሞረድ ያስተካክሉ፤ ከገጹ ከፍ ያለች ትንሽ የመዳብ ስንጥር እንኳ ካውያው እኩል እንዳያርፍ ታደርጋለች።

ሁለቱንም ገጾች በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ፈትገው፣ በፈሳሽ ሳሙና አጥበው፣ በመጨረሻ በአልኮል ወይም በአሴቶን ይጥረጉ። ንጽሕናውን ለማረጋገጥ ውኃ ያፍስሱበት፤ ውኃው እንደ ስስ መጋረጃ ገጹን ሙሉ ከሸፈነ ንጹሕ ነው፣ እንደ ጠል ተሰብስቦ ከቆመ ግን ቅባት አለው። ከዚህ በኋላ መዳቡን በጣት አይንኩ፤ ሰሌዳውን በጠርዙ ብቻ ይያዙ።

አራተኛ ደረጃ፦ ኤንቨሎፑን መሥራት

የሥራው ሁሉ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ቶነራቸው ወደ ውስጥ እንዲተያይ አድርገን፣ ገጥመን፣ በመካከላቸው ሰሌዳው የሚገባበት ኪስ (ኤንቨሎፕ) እንሠራለን። ብዙዎች ሁለቱን ወረቀቶች በቀጥታ እርስ በርስ በፕላስተር ያጣብቃሉ፤ ይሁን እንጂ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ ሲገባ ወረቀቶቹ ለመከፈት ስለሚገደዱ ከተገጠሙበት ይንሸራተታሉ። ስለዚህ ከዚያው ሰሌዳ ትርፍራፊ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይቁረጡና እንደ ማዕዘን፣ አንዱን በግራ፣ አንዱን ከላይ አድርገው ያገናኟቸው። ውፍረታቸው ከሰሌዳው ጋር እኩል ስለሆነ ወረቀቶቹ ሳይጎብጡ ሰሌዳው በመካከላቸው ይተኛል።

የታችኛውን ገጽ ወረቀት፣ ቶነሩ ወደ ላይ ሆኖ፣ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ማዕዘኑን ከቦርዱ ሥዕል ጠርዝ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ በሁለት ገጽ ማጣበቂያ ፕላስተር ይለጥፉበት። በማዕዘኑ የላይኛው ፊት ላይም ማጣበቂያውን ይለጥፉ፣ ሽፋኑን ግን ገና አይላጡ። የላይኛውን ገጽ ወረቀት አምጥተው፣ ቶነሩ ወደ ታች ሆኖ፣ በመስኮት መስታወት ላይ ወይም ከሥሩ የስልክ መብራት በበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ያስተካክሉ። በመጀመሪያ አራቱን መስቀሎች ያገጣጥሙ፤ ቀጥሎ ግን መስቀሎቹን ትተው ቪያዎቹን ይመልከቱ። በብርሃኑ ውስጥ ሁለት የተደራረቡ ክቦች እንደ አንድ ክብ ሲታዩ ገጥመዋል፤ በአንዱ በኩል እንደ ጨረቃ ማጭድ ያለ ጥላ ከወጣ ግን በዚያ አቅጣጫ ተዛንፏል። ይህን በተቃራኒ ማዕዘኖች ባሉ ሁለት ቪያዎች ላይ ካረጋገጡ፣ በመሐል ያሉት ሁሉ ይገጥማሉ። ዓይንዎ በቀጥታ ከላይ ወደ ታች መመልከት አለበት፤ ወረቀቶቹ በማዕዘኑ ውፍረት ስለሚራራቁ ከጎን ከታየ የተዛነፈው የገጠመ ይመስላል።

ሲገጥም ወረቀቱን በነጻው በኩል በጣት ተጭነው ይያዙና የማጣበቂያውን ሽፋን ልጠው ይጫኑት። ከተለጠፈ በኋላ እንደገና በብርሃን ይመርምሩ። ካልገጠመ አስለቅቆ ማስተካከል አይመከርም፤ ወረቀቱ ስለሚለጠጥ አዲስ ማተም ይሻላል። እዚህ ላይ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት በኋላ የሚጠፋውን ሰሌዳ ያድናል።

አምስተኛ ደረጃ፦ በካውያ ማስተላለፍ

የልብስ ካውያውን እንፋሎት አጥፍተው ወደ ጥጥ ልብስ ሙቀት ያድርጉ። ሰሌዳውን ወደ ኪሱ አስገብተው ከማዕዘኑ ጋር ያስጠጉ፤ ሥራውን በእንጨት ወይም በወፍራም ካርቶን ላይ ያድርጉት እንጂ በእምነበረድ ወይም በብረት ላይ አይሥሩ፣ ሙቀቱን ይስበዋልና።

በመጀመሪያ ካውያውን በወረቀቱ ላይ ሳያንሸራትቱ 30 ሰከንድ ያህል ቀጥ አድርገው ይጫኑት። ይህ ቶነሩን በቦታው ስለሚያጣብቀው ከዚያ በኋላ አይንቀሳቀስም። ወዲያው ኤንቨሎፑን ገልብጠው በሌላው ገጽ ላይ እንዲሁ ያድርጉ። ሁለቱም ከተጣበቁ በኋላ በየተራ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ያህል፣ በካውያው ጫፍ በተለይ ጠርዞቹን እየተከታተሉ ይጫኑ። አንዱን ገጽ ሲያሞቁ የሌላውም ቶነር አብሮ ስለሚለሰልስ፣ በዚህ ጊዜ ኤንቨሎፑን መጎተት ወይም መጠምዘዝ አይገባም።

መብራት በመሐል ቢጠፋ ወረቀቱን አይላጡ፣ ውኃ ውስጥም አይንከሩት። እንዳለ አስቀምጠው መብራቱ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ማሞቅ ይቻላል።

ሰሌዳው ሲቀዘቅዝ ሳሙና በገባበት ለብ ያለ ውኃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ይዘፍዝፉት፤ ከዚያም ወረቀቱን ሳይጎትቱ በአውራ ጣት እያሹ ያስለቅቁ። በቶነሩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ቢቀር ጉዳት የለውም፤ በሁለት መስመሮች መካከል የቀረ የወረቀት ጭረት ግን መዳቡን ስለሚከልለው በጥርስ ብሩሽ ማስለቀቅ ያስፈልጋል። የተቆረጠውን መስመር በማይለቅ ማርከር ይሙሉ፣ የተጣበቀውን በመርፌ ይለያዩ። ሥዕሉ ከግማሽ በላይ ካልተላለፈ መጠገኑን ትተው በአሴቶን አጥበው እንደገና ይጀምሩ።

ስድስተኛ ደረጃ፦ መዳቡን ማስበላት

ፌሪክ ክሎራይድ የተለመደው ነው፤ ከተገኘ ለብ አድርጎ መጠቀም ይቻላል፣ ልብስና ሲሚንቶ ላይ ግን የማይለቅ ቡናማ ቀለም ይተዋል። ካልተገኘ ከመድኃኒት ቤት በሚሸጠው 3% ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ መሥራት ይቻላል፤ ለ100 ሚሊ ሊትር 30 ግራም ሲትሪክ አሲድና 5 ግራም የገበታ ጨው ይገባበታል።

መጠኑን በስሌት መወሰን ይቻላል። በ80 በ60 ቦርድ በሁለቱም ገጽ ያለው መዳብ 96 ካሬ ሴንቲ ሜትር በ0.0035 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሲባዛ 0.34 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ በክብደት 3 ግራም ያህል ይመጣል። ይህን ሁሉ ለመብላት በስሌት 55 ሚሊ ሊትር ያህል 3% ፐርኦክሳይድ ይበቃል፤ ነገር ግን ከፊሉ ሳይሠራ በአረፋ መልክ ስለሚባክን እኔ ለዚህ መጠን ሰሌዳ 200 ሚሊ ሊትር አዘጋጃለሁ። ግራውንድ ሙሌት ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህም ነው፤ ብዙው መዳብ በቦታው ስለሚቀር ፈሳሹም ጊዜውም ይተርፋል። በትርፍ ጠርዙ ላይ ያለውንም መዳብ በፕላስተር ይሸፍኑት።

ባለ ሁለት ገጽ ሰሌዳ በሳህን ላይ ተኝቶ ከተቀመጠ የታችኛው ገጽ ሳይበላ ይቀራል። ስለዚህ በትርፍ ጠርዙ አራት ማዕዘን ላይ በመብሳት በእያንዳንዱ ቀዳዳ የስቴኪኒ እንጨት አጥብቀው ያስገቡ፤ ሰሌዳው በአራት እግር ቆሞ ፈሳሹ ከላይም ከታችም ይዞረዋል። በየ5 ደቂቃው እየገለበጡ ሳህኑን በቀስታ ያወዛውዙ። ሳህኑ ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፣ ዳግመኛም ለምግብ አይዋል። አየር በሚተላለፍበት ቦታ፣ በጓንትና በመነጽር ይሥሩ።

ያገለገለውን ፈሳሽ ወደ ፍሳሽ ቱቦ አይድፉት፤ የሟሟው መዳብ በውኃ ውስጥ ላሉ ሕያዋን መርዝ ነው። ፐርኦክሳይድ ጋዝ ስለሚያወጣ በጥብቅ በተከደነ ጠርሙስ አያስቀምጡት፤ ከሁሉም በላይ ከበረኪና ጋር በፍጹም አያገናኙት፣ አሲድና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ መብሳት

ቶነሩን ገና አያስለቅቁ፤ በሚበሱበት ጊዜ መዳቡን ከጭረት ይጠብቀዋል። ለሬዚስተር፣ ለአይሲ ሶኬትና ለቪያ 0.8፣ ለወፍራም ዳዮድና ለፒን ማያያዣ 1.0፣ ለሽቦ ማሰሪያ 1.3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይጠቀሙ። ተራ የብረት ፑንታ በመስታወት ጭረት ቶሎ ይደነዝዛል፤ ካርባይዱ ይበልጥ ይቆያል፣ ነገር ግን በትንሽ መጣመም ስለሚሰበር ድሪሉ በማቆሚያ ላይ ቢሆን ይመረጣል።

በመጀመሪያ ሁለት ተቃራኒ ቪያዎችን በስተው በሌላው ገጽ የት እንደወጡ ይመልከቱ። ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ ከመሐል ፈቀቅ ካሉ፣ የቀሩትን በዚያው መጠን ግማሹን አካፍለው ይብሱ፤ ስሕተቱ በሁለቱ ገጾች ላይ ስለሚከፈል ሁለቱም ቀለበቶች ይተርፋሉ። የኤፍአር4 ብናኝ ለሳንባ ስለማይበጅ ጭንብል ያድርጉ፣ ጠረጴዛውንም ሳይጠርጉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ቪያዎችን መበየድና መፈተሽ

ቶነሩን በአሴቶን አስለቅቀው፣ ትርፍ ጠርዙን ቆርጠው፣ ከሁሉ አስቀድመው ቪያዎቹን ይበይዱ። ከሬዚስተር እግር የተቆረጠ ሽቦ አስገብተው ከላይ ትንሽ አጥፈው ይበይዱት፤ ገልብጠው ታችኛውን ይበይዱና ትርፉን ይቁረጡ። አንዱን ጫፍ ሲበይዱ ሽቦው ሞቆ የሌላውን ጫፍ እንዳያስለቅቀው የብየዳ ካውያውን ከ2 ሰከንድ በላይ አያቆዩ።

አንድም ኮምፖነንት ከመቀመጡ በፊት ቴስተሩን ወደ ድምፅ ማሰሚያው አዙረው እያንዳንዱን ቪያ ከመስመሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሹ፤ ፓዱን ብቻ ሳይሆን መስመሩ የሚደርስበትን የመጨረሻ ቦታ ይንኩ። ከዚያም 5 ቮልቱ ከግራውንድ ጋር አለመነካካቱን ያረጋግጡ። ሶኬትና ሬሌ ከተበየዱ በኋላ ስሕተት መፈለግ እጅግ ከባድ ስለሆነ ይህን ፍተሻ ለነገ አያሳድሩት።

ኮምፖነንቶቹን ከአጫጭሮቹ ጀምረው ይበይዱ፤ የሬዚስተርና የዳዮድ እግሮችን ከላይም ከታችም መበየድ አይርሱ። ከጨረሱ በኋላ በመዳቡ ላይ በአልኮል የሟሟ ሮዚን (የጥድ ሙጫ) በብሩሽ ይቀቡ፤ እንዳይጠቁር ይረዳዋል። አይሲውን ሳይሰኩ፣ 220 ቮልቱንም ሳያገናኙ፣ በ9 ወይም በ12 ቮልት ብቻ ያብሩትና በሶኬቱ 7ኛና 8ኛ እግሮች መካከል ይለኩ። ቴስተሩ ከ4.8 እስከ 5.2 ቮልት ካሳየና 7805ቱ በጣት ሲነካ ካልሞቀ፣ ኃይሉን አጥፍተው አይሲውን በ1ኛ እግሩ ምልክት አቅጣጫ ይሰኩት።